ቴሌቪዥን በሰፈራችን፤ ከቡና ቤቱ በር እስከ ነጻው ዲሽ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የተገኛችሁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ የድንኳኑ መቀደድ፣ የወንበሮቹ መሰባበርና የጥሩምባ ነፊያችን ደመወዝ በሩብ ሰዓት ውስጥ አለቁ። የአዳራሹ ቴሌቪዥን ወርኃዊ ክፍያ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው ግን ከሁለት ሰዓት በላይ አከራከረን። አንድ አባላችን «እድር የተቋቋመው ሰው ለመቅበር ነው እንጂ ኳስ ለማሳየት አይደለም» አሉ። ሌላው ብድግ ብለው «ታዲያ እስክንሞት ድረስ የት እንቀመጥ?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ነገር ግን ሁለቱም ያሉት ትክክል ነው።

ኮሚቴው በዚህ መጽሔት ላይ አንድ ነገር ጻፉ ሲለን፣ ክርክሩን እንደገና ለመቀስቀስ ሳይሆን፣ ቴሌቪዥን ወደ ሰፈራችን በምን መንገድ እንደ ገባና መክፈል ያልቻለው ሰው እንዴት ያይ እንደ ነበር የምናስታውሰውን ልንጽፍ ተስማማን። እኛ የታሪክ ሊቅ አይደለንም፤ ዕድሜያችንን መዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ የኖርን ነን። ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አልዘለለም። ይሁን እንጂ መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ቀንና ዓመት ይወዳል፤ ስለዚህ በዓመቱ እየተመራን እንሄዳለን።

በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም ነው፤ ቀኑም የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ነበር። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ሥርጭቱም በምሽት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው ቤት አንድ ነው። ሣጥኑ ባለ እግር፣ በላዩ ዳንቴል የለበሰ፣ እንደ ታቦት የሚከበር ዕቃ ነበር። አባባ ተስፋዬ ለልጆች ተረት የሚያወሩበት ሰዓት ሲደርስ እኛ የሰፈር ልጆች በአጥሩ ዙሪያ እንኮለኮላለን። የቤቱ እመቤት ደግ ሴት ስለ ነበሩ «እግራችሁን ታጥባችሁ ግቡ» ይሉናል። ታጥበን ወለሉ ላይ እንቀመጣለን። ክፍያችን እሱ ነበር፤ እግር መታጠብ። አንዳንድ ሰፈር ከልጆች ሣንቲም ይቀበሉ ነበር ይባላል፤ እሳቸው ግን ተቀብለውን አያውቁም። የእድራችን የመጀመሪያዋ ሴት አባል እሳቸው ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚያ ቤት ሌላ ቴሌቪዥን የነበረው መንገድ ዳር ባለ ቡና ቤት ነው። እዚያ የሚጠጣ ነገር ያዘዘ ይቀመጣል፤ ያላዘዘ በር ላይ ይቆማል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ምሽት፣ የአዲስ ዓመት ዕለት፣ እኛም በዚያ በር ላይ ቆመን ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ ያነሳው ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር እየተቀያየረ የታየው በዚያ ምሽት ነው። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ይህን ማንም የሚያውቀው ታሪክ ነው። እኛ የምንጨምረው የበሩን ነገር ብቻ ነው።

ሥዕሉን አየን፤ ድምፁን ግን አልሰማንም። የቡና ቤቱ አሳላፊ ብርድ ገባ ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎት ነበርና በቀጭን ክፍተት ነበር የምናየው። አጥንታቸው የወጣ ልጆች አየን፤ ደግሞ ወዲያው ኬክና ጠርሙስ አየን። ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ዝም አሉ። ወደ ሰፈር ስንመለስ ትልልቁ ሰው ሁሉ በኛ በልጆቹ ዙሪያ ተሰበሰበና «ምን አያችሁ?» ይለን ጀመር። ከወሎ መጥተው በሰፈራችን በሽመና የሚተዳደሩ አንድ አባት ነበሩ። «ልጆቼ፣ የማን አገር ነው አሉ? የቀበሌውን ስም ጠሩ ወይ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁን። ምን እንመልስ? አልሰማንማ። እኚያ አባት እናታቸውና ሁለት ወንድሞቻቸው እዚያው አገር ነበሩ። ያን ሌሊት ቡና ቤቱ ድረስ ሄደው አሳላፊውን ጠየቁት፤ እሱም መጠጥ ሲያቀርብ ስለ ነበር አልሰማም። ከዚህ በኋላ ወሬያቸውን ያገኙት ከስንት ወር በኋላ በመጣ መንገደኛ ነው።

ስለ ቴሌቪዥን ክፍያ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይህ ነገር ትዝ ይለናል።

በ1967 ዓ.ም ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ፣ ቆየት ብሎ ለቀበሌያችን አዳራሽ ቴሌቪዥን መጣ። በእንጨት ሣጥን ውስጥ ሆኖ በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉ ያለው ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። በርጩማችንን ከየቤታችን ተሸክመን እንሄዳለን። ገንዘብ አይጠየቅም፤ ክፍያው ስብሰባ ነበር። ስብሰባው ሳያልቅ ሣጥኑ አይከፈትም፤ የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ሲጀምር የተናጋሪው ንግግር ካላለቀ ዜናው ያመልጣል። አንዳንድ ሰው እጁን አውጥቶ ሐሳብ ሲሰጥ ከኋላ «ይብቃህ፣ ዜናው ደረሰ!» ይባል ነበር። በ1977 ዓ.ም ሥርጭቱ በቀለም መሰጠት ጀመረ ተባለ። ቀለሙ ከጣቢያው ወጣ እንጂ የኛ ሣጥን እንደ ሆነ ጥቁርና ነጭ ነው የሚያውቀው። በ1980 ዓ.ም የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ እዚሁ አዲስ አበባ ተደርጎ አገራችን ዋንጫውን ስታነሳ፣ በዚያ አዳራሽ የነበረው ሰው በርጩማውን ወደ ላይ ይወረውር ነበር። እኛም አንዱ አርፎብን ግንባራችን ላይ ጠባሳው አለ።

በዚያን ዘመን አንድ ደንብ ነበረን፤ የተጻፈ አይደለም። በሰፈሩ ለቅሶ ካለ እስከ ሠልስት ድረስ ቴሌቪዥን አይከፈትም። ሣጥኑ ተቆልፎ ይከርማል። ዛሬ ድንኳኑ ካለበት ቀጥሎ ካለው ግቢ የተከታታይ ድራማ ሙዚቃ ይሰማል። ይህን ያነሳነው ለወቀሳ አይደለም፤ ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ ቁልፉን የሚይዝ ዘበኛ ስለ ቀረ ነው።

ከ1983 ዓ.ም በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው። የቪዲዮ ቤቱ ዘመን መጣ፤ ልጆቻችን በሃምሳ ሣንቲም የሕንድና የካራቴ ፊልም እያዩ ትምህርት ቤት መግባት ተዉ። ዲሽ የሚባል ነገር በሆቴሎችና በሀብታም ቤቶች ጣሪያ ላይ ታየ፤ መጀመሪያ ሲታይ የትልቅ ጎጆ ክዳን የሚያህል ነበር። የግብፁ ናይልሳት የመጀመሪያው ሳተላይት በሚያዝያ 1990 ዓ.ም ከተወነጨፈ ወዲህ ግን አንድ ሜትር የማይሞላው ትንሹ ዲሽ በየጣሪያው ላይ በዛ።

በሰፈራችን በመጀመሪያው ጊዜ የአንድ ቤት ዲሽ ለአምስት ቤት ይበቃ ነበር። አንዱ ጎረቤት ዲሽና ሪሲቨር ይገዛል፤ ሌሎቹ ገመድ እየገዙ ከሱ ሪሲቨር ይስባሉ። ገመዱ በአጥር ላይ፣ በዛፍ ላይ፣ በልብስ ማስጫ ላይ ይሄዳል። ችግሩ አንድ ነው፤ ሪሲቨሩ አንድ ስለ ሆነ አምስቱም ቤት የሚያየው ባለቤቱ የከፈተውን ብቻ ነው። እሱ ዜና ሲል ሁሉም ዜና፤ እሱ የአረብኛ ጽሑፍ ያለበት ፊልም ሲል ሁሉም ፊልም፤ እሱ ሲተኛ ሁሉም ይጨልማል። አንዲት እናት በአጥር ላይ ሆነው «አቶ እንትና፣ እባክዎ ወደዚያኛው ይመልሱልን፣ ልጅቱ ታገባው እንደሆነ ሳናይ!» ብለው ሲጣሩ እኛው ራሳችን ሰምተናል። ይኸው ነው እንግዲህ፣ ርካሽ ነበር፤ ግን ደግ ባለ ሪሲቨር ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማብራራት ያስፈልጋል፤ በጉባኤው ላይ ብዙዎቻችን እንዳልለየነው አይተናልና። ዲሽ ሁሉ አንድ አይደለም። ነጻ የሚባለው ዲሽ ዕቃውን ይኸውም ሰሃኑን፣ ከፊቱ የሚቆመውን ኤልኤንቢ የተባለ ጉጥ፣ ገመዱንና ሪሲቨሩን አንድ ጊዜ ገዝተው ካስገጠሙት በኋላ በየወሩ ምንም የማይከፈልበት ነው። የክፍያው ግን ሥርጭቱ ተቆልፎ የሚመጣ ሲሆን፣ ቁልፉን የሚከፍተው ካርዱ ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል። ዲኤስቲቪ የተባለው የደቡብ አፍሪካው የክፍያ ቴሌቪዥን በ1988 ዓ.ም የተጀመረ ነው። ወደኛ ሰፈር ያመጣው የእንግሊዝ ኳስ ነው። ኳሱን ለማሳየት ብዙ ገንዘብ ከፍሎ መብት የሚገዛ ድርጅት በነጻ ሊለቀው አይችልም፤ ይህ የታወቀ ነው። እንደዚህ ሆኖ «ዲኤስቲቪ ቤት» የሚባል የንግድ ዓይነት በየመንደሩ ተከፈተ። አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ለአንድ ጨዋታ ጥቂት ብር ይከፈላል። ጫትና ሲጋራም አብሮ ገባ።

እድራችን ወርኃዊ ክፍያ ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ «ማን ፈቅዶ ነው?» የሚሉ አባላት አሉ፤ ቃለ ጉባኤው አለ፣ ዓመቱም 2004 ዓ.ም ነው፤ የጻፍነውም እኛ ነን። ወላጆች «ልጆቻችን ጫት ቤት ገብተው ከሚያዩ እኛው አዳራሽ ይዩ» አሉ። በጨዋታ 3 ብር እናስከፍል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2005 ዓ.ም፣ ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ አዳራሹ በሰንደቅ ዓላማ ተሞላ፤ ከዛምቢያ ጋር አንድ ለአንድ ስንወጣ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ እንኳ የጸናነው ትዝ ይላችኋል። ከኳሱ በተገኘ ገንዘብ 40 የፕላስቲክ ወንበር ገዛን። በለቅሶ የምትቀመጡባቸው ሰማያዊዎቹ ወንበሮች እነዚያ ናቸው። ስለዚህ ክፍያው ከመጀመሪያውም ስሕተት ነበር የሚለውን አንቀበልም።

ኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ወጣቶቹ ጨዋታውን በስልካቸው ማየት ጀመሩ። ክፍያው ግን ከፍ እያለ ሄደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ የዕቃው ሁሉ ዋጋ ሲነሣ የኛ የጡረታ ደመወዝ እዚያው ተቀምጦ ቀረ። ባለፈው ዓመት ሒሳብ ሹማችን የአሥራ ሁለቱን ወር ክፍያ ደምረው ሲያነቡልን፣ ለአንድ ሟች ቤተሰብ ከምንሰጠው ገንዘብ በልጦ ተገኘ። ያን ጊዜ አዳራሹ እንደ ቡና ቤቱ ጸጥ አለ።

ሌላ መንገድ ፍለጋ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከኮሚቴው ሁለት ሰው፣ አንድ ዲሽ ሠሪ ወጣትና እኛ ሆነን ስድስት ሳምንት ያህል ጠየቅን፤ መርካቶም ወርደን ዋጋ አጣራን። አንዱ የመከሩን «ሰርቨር» የሚባለውን ነው። በኢንተርኔት በኩል የሌላ ሰው የካርድ ቁልፍ እየተላከ የተዘጋውን ይከፍታል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። እኛ ተቃወምን። ማኅተም ያለው፣ የሟች አደራ የሚይዝ ማኅበር በተሰረቀ ቁልፍ በር አይከፍትም። ሁለተኛው ቫርዚሽ የሚባለው የታጂኪስታን የስፖርት ጣቢያ ነው፤ ወጣቶቹ በሙሉ ያውቁታል። የሚገኘው በሌላ ሳተላይት፣ በያህሳት ላይ ሲሆን፣ በዚያው ዲሽ ላይ ሁለተኛ ኤልኤንቢ ጎን አድርጎ በማሰር ይያዛል። ተንታኙ የሚናገረውን ከኛ መካከል የሚሰማ ባይኖርም ኳስ ኳስ ነው። ሆኖም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ቁጥር አስገቡ ይላል፤ ለነሱ አገር ተብሎ የሚሰራጭ ስለ ሆነም እድር በዚህ ላይ ተመርኩዞ ሰው መጥራት አይችልም። ቤቱ የሚሞክር ይሞክር።

ቀሪው የአገራችን የራሱ ነጻ ዲሽ ነው። ቀድሞ የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ይታዩ ነበር። በ2008 ዓ.ም ቃና ሲመጣ የቱርክ ድራማ በአማርኛ የገባው፣ ምሽት ላይ ራት የዘገየው በዚያ በኩል ነው። (በ2009 ዓ.ም አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተወሰኑ ጣቢያዎችን ማየት ያስቀጣ ስለ ነበረበት ወቅት እዚህ አንገባም፤ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን።) በ2012 ዓ.ም ግን ኢትዮሳት የተባለው መጣ። የአገር ውስጥ ብሮድካስተሮች ማኅበርና የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ተስማምተው የኛን ጣቢያዎች በአንድ ሳተላይት ላይ ሰበሰቡ። ይህ ሳተላይት ያለው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው፤ ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ። ስለዚህ ያን ዓመት በከተማው ያለ ዲሽ ሁሉ ጀርባውን አዞረ። ልብ ያለ ሰው ካለ፣ ቀድሞ ቀጥ ብሎ ወደ ፀሐይ መግቢያ ይመለከት የነበረው ሰሃን፣ ዛሬ ወደ ኋላው ጋደል ብሎ ወደ ምሥራቅ ሰማይ ያንጋጥጣል። ምክንያቱም ይኸኛው ሳተላይት ለኛ ቀረብ ያለና ከራሳችን በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለ ሆነ ነው። ዲሽ ሠሪው ይህን በጣቱ እያሳየ ሲነግረን፣ ለምን ቀድሞ የጎረቤት ግንብ ይጋርደን እንደ ነበርና አሁን እንደማይጋርደን ገባን።

እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር የተረዳነው፤ ለመጻፍም ያነሣሣን ይህ ነው። በጥየቃ ተራ አንድ አባላችን ዘንድ ሄድን። የቀድሞ ከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ የሚታይበት ግን ሰማያዊ መደብና «ክፍያዎ አልቋል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ነው። ዓረብ አገር ያለችው ልጃቸው በየወሩ ትከፍልላቸው ነበር፤ ሥራዋ ተቋርጦባት ክፍያው ከቆመ አራት ወር ሆኖታል። «ልጄ እንዳታፍር ብዬ ለማንም አልተናገርኩም» አሉን። አራት ወር ሙሉ ሰማያዊውን እያዩ ተኝተዋል።

«ጋሼ፣ ምን ነበር የሚያዩበት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ጧት ቅዳሴ፤ ማታ የ2 ሰዓቱን ዜና። ሌላውን አላውቀውም» አሉ።

ሁለቱም ነጻ ናቸው። ልጅቱ በሰው አገር የሰው ልብስ እያጠበች በየወሩ ስትከፍል የኖረችው ያለ ክፍያ ለሚገኝ ነገር ነው። ማንም አልነገራት፤ እኛም አልነገርናት። በሳምንቱ ከልጆቹ ጋር ሆነን አንድ ያገለገለ ሪሲቨር አገኘን፤ ዲሽ ሠሪው የጉልበት ዋጋ አልቀበልም አለ። ምስሉ ሲመጣ አዛውንቱ ምንም አላሉም፤ ድምፁን ብቻ «ከፍ አድርጉት» አሉ። እኛም ከፍ አደረግነው።

ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ብንጠይቅ፣ ወርኃዊ ክፍያ ከሚከፍሉት ዘጠኝ ጡረተኛ አባላት ሰባቱ የሚያዩት የአገር ውስጥ ጣቢያ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሙስሊም አባሎቻችን የመካን ሶላት ማየት ስለሚፈልጉ ለነሱ ሁለተኛ ዲሽ ወደ ዓረብሳት ማዞር ያስፈልጋል፤ እሱም ወርኃዊ ክፍያ የለበትም። ኳስ ብቻ ነው ያልተፈታው። ለአዳራሹ ኮሚቴው የወሰነው፣ ዓመቱን ሙሉ መክፈል ቀርቶ ትልቅ ውድድር ባለበት ወር ብቻ፣ ከሚያዩት ሰዎች ተዋጥቶ እንዲከፈል ነው፤ ከእድሩ ካዝና አንድ ብር አይነካም። ወጣቶቹ ቅር ብሏቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ጭር ብሎ ስናየው እኛም ቅር ይለናል፤ ልጆቹ ወደ ወጡበት ወደዚያ ቤት ተመልሰው ይሆን እያልን እናስባለን። ለዚህ እስካሁን መልስ የለንም።

አሁን አዳራሹ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው። ለቅሶ ባለበት ሳምንት ቴሌቪዥኑ እንዳይከፈት ጉባኤው አጽድቋል፤ የሣጥኑም ቁልፍ ከዘበኛው ጋር ነው። የድሮው የክፍያ ሰሃን ወርዶ አንዲት አባላችን በርበሬ እያሰጡበት ነው። ሪሲቨር የሚጠብቁ ሁለት ቤቶች ቀርተውናል፤ አዲስ ገዝታችሁ አሮጌው ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠባችሁ አባላት ካላችሁ፣ ከነሪሞቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለጸሐፊው ብታስረክቡ፣ ደረሰኝ እንቆርጣለን።